የክንፉን ሂሳብ ማን ከፈለው?



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ብዙ ካከራከሩን አጀንዳዎች አንዱ የደረት ባጅ ጉዳይ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ግማሾቻችን «ስብሰባ ስንወጣ፣ ለቅሶ ስንደርስ፣ ለጉዳይ ቢሮ ስንሄድ ማን እንደሆንን የሚያሳይ ምልክት ለምን አይኖረንም?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ለብረት የሚወጣው ገንዘብ ለአንዲት እናት የሥራ መነሻ ይሆናታል» ብለን ተቃወምን። በመጨረሻ የሂሳብ ክፍል ዋጋውን አጥንቶ ያቅርብ ተባለና ነገሩ እኛ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

ዋጋ መጠየቅ ቀላል ነው። ሦስት ሱቅ ዞረን ፕሮፎርማ ሰብስበናል፤ ዝርዝሩም ለሥራ አመራር ኮሚቴው ቀርቧል። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ምልክት ለሚያደርገው ሰው ምን ያደርግለታል? ይህን እያነሳን ስንጨዋወት ከመካከላችን አንዷ ስለ ሴት የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች የክንፍ ምልክት ያነበበችውን ነገረችን። እኛም ተከታትለን አነበብነው። ታሪኩ የሩቅ አገር ቢሆንም ሂሳቡ ከእኛ ሂሳብ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ስለዚህ በዚህ እትም ልናካፍላችሁ ወሰንን። ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ክንፍ ማለት ምን ማለት ነው?

በብዙ አገሮች የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሥልጠናውን ሲጨርስ በግራ ደረቱ፣ ከኪሱ በላይ፣ የክንፍ ቅርጽ ያለው ምልክት ይደረግለታል። አንዳንዱ ከብረት የተሠራ ነው፣ አንዳንዱ በክር የተጠለፈ። ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም። «ይህ ሰው ተፈትኖ አልፏል፣ አውሮፕላን በአደራ ሊሰጠው ይችላል» የሚል ምስክር ነው።

ከክንፉ ጀርባ ግን በዓይን የማይታይ ሌላ ነገር አለ። ማዕረግ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ሕክምናና ጡረታ አለ፣ ቢሞትም የቀብር ክብር አለ። ለወንዶቹ ይህ ሁሉ ከክንፉ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። ለአሜሪካውያት ሴቶች ግን ክንፉ በ1943 መጣ፤ ሌላው እስከ 1977 ድረስ 34 ዓመት ዘገየ። ልንነግራችሁ የፈለግነው በእነዚህ 34 ዓመታት ውስጥ የሆነውን ነው።

በራሳቸው ገንዘብ የለበሱ ሴቶች

በ1942 አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ነበረች። ፋብሪካዎች ሌት ተቀን አውሮፕላን ይሠራሉ፤ ወንዶቹ አብራሪዎች ወደ ግንባር ይሄዳሉ። አዲሶቹን አውሮፕላኖች ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈርና ወደ ወደብ የሚያደርስ ሰው አነሰ። በሴፕቴምበር ወር ናንሲ ላቭ የምትባል አብራሪ ብዙ የበረራ ልምድ ያላቸውን ሴቶች እየሰበሰበች በዴላዌር ግዛት፣ በዊልሚንግተን ከተማ አጠገብ ሥራ ጀመረች። እየተሰባሰቡ 28 ደረሱ። ግራጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ የደንብ ልብሳቸውን ያሰፉት በራሳቸው ገንዘብ ነበር።

በኖቬምበር ወር ደግሞ ጃክሊን ኮክራን በቴክሳስ ግዛት፣ በሂውስተን ከተማ አዳዲስ ሴቶችን ማሠልጠን ጀመረች። ኮክራን በድህነት ያደገች፣ በውበት ሳሎን ተቀጥራ ሠርታ በኋላ የራሷን የመዋቢያ ድርጅት ያቋቋመች፣ በአውሮፕላን ውድድርም ስሟ የታወቀ ሴት ነበረች። ትምህርት ቤቱ ብዙ ሳይቆይ እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ወደ ስዊትዋተር ከተማ ተዛወረ። ኦገስት 5 ቀን 1943 ሁለቱ ቡድኖች ተዋሕደው «የሴቶች አየር ኃይል አገልግሎት አብራሪዎች» ተባሉ። በእንግሊዝኛ የስሙ የመጀመሪያ ፊደሎች ሲገጣጠሙ «ዋስፕ» ይሆናሉ፤ ትርጉሙ ተርብ ነው። ከዚህ በኋላ እኛም ዋስፕ እንላቸዋለን።

እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ቁጥሩን እናስቀምጥላችሁ። ያመለከቱት ከ25,000 በላይ ናቸው። ተቀባይነት ያገኙት 1,830፣ ሥልጠናውን ጨርሰው የተመረቁት 1,074 ናቸው። በሥልጠና ላይ ሳሉ በወር 150 ዶላር፣ ከተመረቁ በኋላ 250 ዶላር ይከፈላቸው ነበር፤ የምግብና የመኝታው ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ወደ ማሠልጠኛው የሚመጡት በራሳቸው ትራንስፖርት ነው። ፈተና ወድቀው ቢመለሱም መመለሻውን የሚከፍሉት ራሳቸው ናቸው። ለሥልጠና የተሰጣቸው ቱታ በወንድ ልክ የተሰፋ ስለነበር እጅጌውንና እግሩን እየጠቀለሉ ይለብሱት ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በመዝገብ ላይ ሲቪል ሠራተኞች ነበሩ። የጦር አውሮፕላን ያበርራሉ፣ በጦር ሰፈር ያድራሉ፣ በወታደር ሥነ ሥርዓት ይሰለፋሉ፤ ወታደር ግን አይደሉም።

ከግል ኪስ የወጣው ክንፍ

የሂውስተኑ የመጀመሪያ ክፍል ኤፕሪል 24 ቀን 1943 ተመረቀ። የሰልፍ ልብስ ስላልነበራቸው በራሳቸው ገንዘብ ነጭ ሸሚዝና ቡናማ ሱሪ ገዝተው ለበሱ። ሠራዊቱ ለእነርሱ ብሎ ያዘጋጀው ክንፍም አልነበረም። ወንድ አብራሪ ሲመረቅ ክንፉ ከግምጃ ቤት ይወጣለታል፤ ለሴቶቹ ግን በጀት ያልተያዘለት ነገር ነበር።

ክንፉን የከፈለችው ጃክሊን ኮክራን ናት። የወንዶቹን በሚመስል የብር ክንፍ መሐል ላይ ትንሽ ጋሻ፣ ከጋሻው በላይም ጥቅልል ተሠራ። በጋሻው ላይ የእንግሊዝኛው «ደብልዩ» ፊደልና 1 ቁጥር ተቀረጸ፤ «የሴቶች አንደኛ ክፍል» ለማለት ነው። በጥቅልሉ ላይ የማሠልጠኛው ክፍል ቁጥር 319 ተጻፈ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ክፍሎች ክንፋቸውን ያገኙት በዚህ ዓይነት ነው። በአዳራሽ ለተቀመጠ እንግዳ ምልክቱ የመንግሥት ይመስላል። ደረሰኙ ግን የአንዲት ሴት የግል ወጪ ነበር።

ከጋሻ ወደ ዳይመንድ

ከስምንተኛው ክፍል ጀምሮ፣ ማለትም ከ1943 መጨረሻ ወዲህ፣ ዋስፖቹ በሠራዊቱ የታወቀ የራሳቸው ክንፍ ተሰጣቸው። ብሩ ያው ነው፣ የክንፉም ቅርጽ ያው ነው፤ የተለወጠው መሐሉ ነው። ጋሻው ወጥቶ በአንድ ጥጉ የቆመ አራት ማዕዘን፣ ዳይመንድ የምንለው ቅርጽ ገባበት።

ለምን ዳይመንድ? በአውሮፓ የቤተሰብ አርማ ሥርዓት ውስጥ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ወንድ አርማውን በጋሻ ላይ ይሥላል፤ ጋሻ የጦረኛ ዕቃ ነውና። ሴት ግን ጦር ሜዳ አትወጣም ስለሚባል አርማዋ በዳይመንድ ቅርጽ ላይ ይሣላል። በዋስፖቹ ዘንድ የሚነገረው ትርጉም ከዚህ ይለያል፤ ዳይመንዱ የጥንት ግሪኮች የጦርነት አምላክ የሚሏት የአቴና ጋሻ ነው ይላሉ። ሁለቱንም ስናነብ የገባን ነገር ቢኖር፣ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዓይነት አውሮፕላን ላይ የሚሠሩ ወንድና ሴት ጎን ለጎን ቢቆሙ ልዩነታቸው ደረታቸው ላይ ይነበብ እንደነበር ነው።

ከብሩ ክንፍ ሌላ በቆዳ ጃኬታቸው ላይ የሚሰፉት አንድ ምልክት ነበራቸው። ፊፊኔላ ትባላለች፤ ክንፍ ያላት፣ የአብራሪ መነጽር ያደረገች ትንሽ ፍጥረት ናት። የሣሏት የዋልት ዲዝኒ ድርጅት ሠዓሊዎች ናቸው። በ1944 ደግሞ ሰማያዊ የደንብ ልብስና ቆብ ተሰጣቸው። ያን ዓመት ዋስፕን ያየ ሰው ክንፍ፣ አርማ፣ የደንብ ልብስ አየ፤ ሙሉ ወታደር መሰለው። የሚታየው ሁሉ ተሟልቶ ነበር።

ሥራቸውም ቀላል አልነበረም። አዲስ አውሮፕላን ከፋብሪካ ያደርሳሉ፣ ተጠግኖ የወጣውን አብርረው ይፈትሻሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከኋላቸው የጨርቅ ዒላማ እየጎተቱ ይበርራሉ፤ ከመሬት ያሉ ሠልጣኝ ተኳሾች በዚያ ጨርቅ ላይ በእውነተኛ ጥይት ይለማመዳሉ።

ክንፍ የተከለከለችው የኢትዮጵያ ወዳጅ

የዚህ ታሪክ አንድ ጫፍ አገራችን ድረስ ይመጣል። በቺካጎ ከተማ ጃኔት ብራግ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ነበረች። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከጆን ሮቢንሰንና ከጓደኞቹ ጋር የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቁመዋል። ማኅበሩ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያገኘው እርሷ ከነርስነት ደመወዟ አውጥታ ስለገዛች ነው። የነጮች ማረፊያ ሜዳ ስለማያስገባቸውም ከቺካጎ ውጭ በሮቢንስ የራሳቸውን ሜዳ ደልድለው ሠሩ። ይህ ጆን ሮቢንሰን በ1935 በጣልያን ወረራ ጊዜ መጥቶ ለኢትዮጵያ የበረረው፣ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎቻችንን ያሠለጠነውና አዲስ አበባ ሕይወቱ ያለፈው ሰው ነው።

ጃኔት ለዋስፕ አመለከተች። የበረራ ፈቃድ ነበራት፣ የበረራ ሰዓትም ነበራት። በቆዳዋ ቀለም ምክንያት አልተቀበሏትም። የሠራዊቱ ነርስ ልሁን ብትልም ለጥቁር ነርሶች የተመደበው ቦታ ሞልቷል ተባለች። እርሷ ግን ትምህርቷን አላቋረጠችም፤ በ1943 የንግድ አብራሪነት ፈቃዷን አገኘች። በ1950ዎቹ በቺካጎ ይማሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን በቤቷ እያስጠጋች ትረዳ ነበር። በዚህም ምክንያት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋብዘዋት ኢትዮጵያን ጎብኝታለች። ስለ ሴቶች ክንፍ ስንጽፍ ክንፉ በደረቷ ያልተደረገላትንም ማስታወስ ይገባናል።

የሞቱት 38

በዋስፕና ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ቡድኖች 38 ሴቶች በሥልጠናና በሥራ ላይ ሞተዋል። በሥራ ላይ ከሞቱት የመጀመሪያዋ ከናንሲ ላቭ ቡድን የነበረችው ኮርኔሊያ ፎርት ናት። ማርች 21 ቀን 1943 በቴክሳስ ሰማይ ላይ ሌላ አውሮፕላን ገጭቷት ወደቀች።

ወታደር በሥራ ላይ ሲሞት ሠራዊቱ አስከሬኑን በራሱ ወጪ ወደ ቤተሰቡ ይልካል፣ ሣጥኑ ላይ ባንዲራ ይደረጋል፣ ለቤተሰቡ ይከፈላል። ለዋስፕ ግን ይህ አልነበረም። በመዝገቡ ሲቪል ናትና ሠራዊቱ ሣጥንም ሆነ ማጓጓዣ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ታዲያ ጓደኞቿ ምን ያደርጋሉ? ያዋጣሉ። ከዚያችው ከ250 ዶላሯ እየቀነሱ አስከሬኗን ወደ እናትና አባቷ ይልኩ ነበር። አንዷ ጓደኛም ሣጥኑን ተከትላ ትሄዳለች። ዕድር የሚለውን ቃል አያውቁትም፤ ያደረጉት ግን ዕድር ነው።

ሄዘል ዪንግ ሊ የተባለችው ቻይናዊት አሜሪካዊት ዋስፕ በኖቬምበር 1944 አውሮፕላን ስታደርስ በደረሰባት አደጋ ሞተች። በሦስት ቀን ልዩነት ወንድሟ በፈረንሳይ ጦር ሜዳ መሞቱ ለቤተሰቡ ተነገረ። ቤተሰቡ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሊቀብር ቢመርጥ የመቃብር ቦታው ሹማምንት «ይህ የነጮች ክፍል ነው» ብለው ከለከሉ። ቤተሰቡ ተከራክሮ አሸነፈና እህትና ወንድም ጎን ለጎን ተቀበሩ። ወንድሙ ወታደር ነበር፤ እኅቱ ግን በሕግ ፊት ሲቪል ነበረች።

እኛ እዚህ ጋ ስንደርስ ንባባችንን አቋርጠን ነበር። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እንነግራችኋለን።

በ19 ድምፅ ልዩነት

ዋስፖቹን በሕግ ወታደር የሚያደርግ ረቂቅ ለአሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ነበር። በዚያ ጊዜ ግን የግንባሩ ፍላጎት እየቀነሰ ስለመጣ ብዙ ወንድ ሲቪል የበረራ አስተማሪዎች ሥራቸው ሊቋረጥ፣ እነርሱም ወደ እግረኛ ጦር ሊላኩ ነበር። ሴቶቹ ቦታችንን ያዙብን ብለው በጋዜጣና በምክር ቤት ዘመቻ አደረጉ። ጁን 21 ቀን 1944 ረቂቁ በ188 ተቃውሞና በ169 ድጋፍ ወደቀ። ልዩነቱ 19 ድምፅ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ዲሴምበር 7 ቀን 1944 ተመረቀ። ክንፋቸውን ባደረጉ በ13ኛው ቀን፣ ዲሴምበር 20፣ ድርጅቱ ተዘጋ። ሰነዶቻቸው ከሌሎች የጦርነት ሰነዶች ጋር ለብዙ ዓመታት ተዘግተው ቆዩ። ሴቶቹም ክንፋቸውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው ወደ ትዳራቸውና ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ።

ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ? ነበር። በእንግሊዝ በዚያው ጦርነት አውሮፕላን የሚያደርስ የሲቪል ድርጅት ነበር፤ በጃንዋሪ 1940 ስምንት ሴቶችን ተቀብሎ ጀመረ፣ በመጨረሻ ከ160 በላይ ሆኑ። ኮክራንም ከሂውስተኑ ትምህርት ቤት በፊት የተወሰኑ አሜሪካውያትን ወደዚያ ወስዳ ነበር። ምልክታቸው በጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ክንፍ ነው፤ ወንዱም ሴቷም ያንኑ ያደርጋሉ። መጀመሪያ የሴቶቹ ደመወዝ ከወንዶቹ በ20 በመቶ ያነሰ ነበር። የሴቶቹ ኃላፊ ፖሊን ጋወር ተሟግታ በ1943 እኩል አስደረገችው። እዚያ ምልክቱ ከመጀመሪያው አንድ ነበር፤ ደመወዙም በትግል ተከተለ።

አንዲት ወረቀት

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በ1974 ባሕር ኃይሉ ስድስት ሴቶችን የወርቅ ክንፍ አስደረገ፤ የመጀመሪያዋ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1974 የተመረቀችው ባርባራ አለን ናት። በዚያው ዓመት ጁን 4 ሳሊ መርፊ የምድር ጦሩ የመጀመሪያ ሴት አብራሪ ሆነች። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1977 ደግሞ በአሪዞና ግዛት ዊልያምስ ሰፈር አሥር ሴቶች የአየር ኃይሉን የብር ክንፍ አደረጉ። የእነዚህ ሁሉ ክንፍ ከወንዶቹ ጋር አንድ ነው። ዳይመንዱ ቀረ፣ ጋሻው ተመለሰ።

አየር ኃይሉ ይህን ሲያስታውቅ ሴቶች የጦር አውሮፕላን ሲያበርሩ ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ተነገረ። በየቤታቸው ያሉት ዋስፖች ይህን ሲሰሙ ተነሱ። «እኛስ?» አሉ። ክንፋቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ጻፉ፣ ፊርማ አሰባሰቡ። በጦርነቱ ጊዜ ራሱም አውሮፕላን ያደርስ የነበረው ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር ከጎናቸው ቆመ።

ተቃዋሚዎቹ «ሲቪል ነበሩ» አሉ፤ መዝገቡም ሲቪል ይል ነበር። በዚያ ክርክር ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ በ1944 ለአንዲት ዋስፕ ስትሰናበት አዛዧ የሰጣት የክብር ስንብት ወረቀት ነበር። ቃሉ ለወንድ ወታደር ከሚሰጠው ስንብት ጋር አንድ ነው፤ በአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ በክብር አገልግላለች ይላል። ያች ሴት ወረቀቷን ከ30 ዓመት በላይ ጠብቃ ባታቆየው ኖሮ ይህ ማስረጃ አይቀርብም ነበር። አንድ ሺህ የብር ክንፍ ያላስረዳውን አንዲት ወረቀት አስረዳች። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት ለዚህ ነው።

ኖቬምበር 23 ቀን 1977 ፕሬዚዳንት ካርተር ሕጉን ፈረሙ፤ ዋስፖቹ የጦር አገልጋይነት መብት አገኙ። ማርች 10 ቀን 2010 ምክር ቤቱ ለሲቪሎች ከሚሰጠው ሁሉ የላቀውን የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣቸው። ያን ቀን በሕይወት የነበሩት በተሽከርካሪ ወንበርና በልጅ ልጆቻቸው ተደግፈው መጡ።

ሂሳቡ ግን ያኔም አልተዘጋም። ኤሌን ሃርመን የምትባል ዋስፕ በ2015 በ95 ዓመቷ አረፈች። አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዱ በአርሊንግተን የጦር መቃብር እንዲያርፍ በጽሑፍ ተናዝዛ ነበር። ሠራዊቱ «የ1977ቱ ሕግ ለዚህ መቃብር አይሠራም» ብሎ መለሰ። አመዷ ከአንድ ዓመት በላይ በልጇ ቤት በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ልጇና የልጅ ልጆቿ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ምክር ቤት ተመላለሱ። ሜይ 20 ቀን 2016 አዲስ ሕግ ተፈረመ፤ ሴፕቴምበር 7 ቀን በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ተቀበረች። የባሕር ኃይሏ ባርባራ አለን በ1982 በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ስትሞት እዚያው አርሊንግተን ነበር የተቀበረችው፤ የማንም አቤቱታ አላስፈለገም። ሁለቱም በደረታቸው ክንፍ ነበራቸው። የለያቸው ከክንፉ ጀርባ ያለው መዝገብ ነው።

ወደ ራሳችን መዝገብ

አሁን ንባባችንን ያቋረጥንበትን ምክንያት እንንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ያረፉትን እናታችንን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስማቸውን በቤተሰባቸው ፈቃድ እዚህ አንጽፍም። ማኅበሩ ሲጀመር ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ መዋጮ ይሰበስቡ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ገንዘቡን በፌስታል ጠቅልለው ከነጠላቸው ሥር ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ ብር ጎድሎ አያውቅም። ስብሰባ ላይ ቡና የሚያፈሉት እርሳቸው ናቸው። ማኅበራችን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የእርሳቸውን ፊት ነበር።

ሲያርፉ ለቤተሰባቸው የመረዳጃውን ክፍያ ልናዘጋጅ መዝገብ ከፈትን። ስማቸው የለም። የስማቸው ፊርማ በመቶ ደረሰኝ ላይ አለ፤ ተቀባይ ሆነው። በአባላት መዝገብ ላይ ግን የሉም። መጀመሪያ «በማገዝ» ብለው ነበር የገቡት፤ የአባልነት ቅጽ ያስሞላቸው አልነበረም። ከሌላው እየሰበሰቡ የራሳቸውን መዋጮ ደግሞ በሌሎች የጎደለ ላይ ይሞሉት ነበር። ደንባችን ላልተመዘገበ ሰው ከመረዳጃው ሂሳብ ክፍያ አይፈቅድም። እኛም በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከየኪሳችን አዋጥተን ለልጃቸው ሰጠን። ልጅቷ ተቀብላ «እናቴ አባል አልነበረችም እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። የምንመልሰው አጣን።

ጥፋቱ የእኛ ነው። መዝገቡ በእጃችን ነበር፤ በየወሩ ከእጃቸው ገንዘብ እየተቀበልን ስማቸውን ሳንጽፍ ዓመታት አለፉ።

ስለዚህ በባጁ ጉዳይ የሂሳብ ክፍል ለሚቀጥለው ጉባኤ የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ባጁን አንቃወምም። ዋስፖቹ ያን የብር ክንፍ 30 ዓመት ያስቀመጡት ዋጋ ስላለው ነው፤ ሰው የሠራውን የሚያይለት ይፈልጋል። ነገር ግን አንድም ባጅ ከመታዘዙ በፊት የአባላት መዝገብ ይስተካከል። የምታግዘውም፣ የምታጸዳውም፣ ቡና የምታፈላውም ቅጽ ትሙላ፣ የወራሽ ስምም ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ በባጁ ጀርባ ላይ የሚቀረጸው ቁጥር በመዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ይሁን። ቁጥር የሌላት ባጅ አትሰጥም፣ ባጅ የተሰጣትም ያለ መዝገብ አትቀርም።

ሦስተኛ፣ ለሰብሳቢም ለተራ አባልም ቅርጹ አንድ ይሁን። ለአመራር ወርቅ ቀለም፣ ለሌላው ነሐስ የሚለውን ሐሳብ አንደግፍም።

አራተኛ፣ ወጪው ከመረዳጃው ሂሳብም ሆነ ደጋፊዎቻችን ለሥራ መነሻ ከሰጡን ገንዘብ አይነካ። የምትችል አባል የራሷን ትክፈል፤ ለማትችለው ከአዳራሽ ኪራይ ገቢያችን እንሸፍን። ደጋፊዎቻችንም በዓመቱ ሪፖርት ለብቻው ያዩታል።

አዲሱን መዝገብ ባለፈው ሳምንት ጀምረናል። በሥራ አመራር ኮሚቴው ውሳኔና በቃለ ጉባኤ ተደግፎ የመጀመሪያው ገጽ፣ ቁጥር 1፣ በእኚያ እናታችን ስም ተሞልቷል፤ የመረዳጃ ክፍያቸውም በሕጉ መሠረት ለልጃቸው ተከፍሎ ደረሰኙ ተያይዟል። እናንተም በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የቀበሌ መታወቂያችሁንና የቆዩ ደረሰኞቻችሁን ይዛችሁ ወደ ቢሮ ኑ። መምጣት ለማይችሉ አረጋውያን ወደ ቤት እንመጣለን፤ ጎረቤታቸው ያላችሁ አስታውቁን።